አሮጌ የፔዳል ካያክ፦ የቱን እንጠግን፣ የቱን እንቀይር?

ፔዳል ያለው የዓሣ ማጥመጃ ካያክ፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ትልቁ ጥቅሙ እጅን ነፃ ማድረጉ ነው። እግር ይሠራል፣ እጅ የማጥመጃ ዘንጉን ይይዛል። ነፋስ ሲገፋ እንኳን ቀስ እያሉ በመርገጥ አንድ ቦታ ላይ መቆየት ይቻላል። ችግሩ ዋጋው ነው። ሆቢ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ፕሮ አንግለር 14 ካያክ ከነ360 ድራይቩ (በእግር ከሚረገጠው መንጃ ጋር) ለመግዛት ከ5000 ዶላር በላይ ያስፈልጋል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር የፖቶማክ ወንዝና የቼሳፒክ ቤይ ጎረቤቶች ደግሞ ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚያርፈው ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ በተለጠፈ የ10 ወይም የ15 ዓመት ካያክ ላይ ነው።

ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀፎው (ዋናው የጀልባው አካል) ወፍራም ፕላስቲክ ስለሆነ በደንብ ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው። የሚያልቁት ዕቃዎች ተፈተው የሚቀየሩ ናቸው። ግን ገንዘቡ በየት ቅደም ተከተል እንደሚወጣ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ካያኩን ገዝቶ በማግስቱ የሚያዘው ፊሽ ፋይንደር (ዓሣ ማሳያ መሣሪያ) ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ውሃ እንዳይገባ የሚያደርገው፣ ቀጥሎ ወደ መነሻችሁ የሚመልሳችሁ፣ ከዚያ በኋላ ዓሣ የሚያሳያችሁ።

ከሁሉም በፊት ግን ላይፍ ጃኬት። በአሜሪካ ሕግ በጀልባው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መኖር አለበት። እዚህ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በጋዝ የሚነፋው ቀጭኑ ነው። በበጋ ሙቀት ይመቻል፤ ነገር ግን የጋዝ ሲሊንደሩን በየጊዜው መመርመር ይፈልጋል። ሌላው ስፖንጅ ያለው ሲሆን ጀርባው ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ለካያክ ወንበር የሚስማማ ዓይነት አለው። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሚያዝያ ወር አየሩ ሞቆ ውሃው ገና እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የወደቀ ሰው እጁ ቶሎ ይደነዝዛል። ያን ጊዜ ገመድ ስቦ ጃኬት መንፋት ቀላል አይደለም። ስፖንጁ ግን ምንም አይጠብቅም። ፊሽካም ይኑራችሁ። ጎሕ ሳይቀድ የምትወጡ ከሆነ ነጭ መብራትም የግድ ነው።

ዕድሜውን ከሻጩ አፍ አትስሙ

በአሜሪካ የሚሸጡ ጀልባዎች ከኋላ በኩል በስተቀኝ የተቀረጸ 12 ፊደልና ቁጥር የያዘ መለያ አላቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ይናገራሉ። 12 ካለ የ2012 ሞዴል ነው። ሻጩ "ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው" ካለና መለያው 09 ካለ፣ ወይ አያውቅም ወይ አልነገራችሁም። ዓመቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለዋጋ ክርክር ብቻ አይደለም። የትኛው ድራይቭ፣ የትኛው ወንበር፣ የትኛው መለዋወጫ እንደሚገጥም የሚወስነው እሱ ነው። መለያው ተፍቆ ከጠፋ ግን እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ነገ ሞተር ገጥማችሁ ለማስመዝገብ ብትፈልጉም መንገዱ ይዘጋል።

መጠኑንም አስቡ። ፕሮ አንግለር 14 ወርዱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20 ገደማ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ነው። ቆሞ ለማጥመድ የሚያህለው የለም። ግን ተጎታች ጋሪ ወይም ፒክ አፕ ይፈልጋል። አሮጌው ሆቢ አውትባክ ደግሞ 3 ሜትር ከ70 ያህል ነው፤ ባዶ ቀፎው ከ40 ኪሎ በታች ይመዝናል። አፓርትመንት የሚኖርና ካያኩን በመኪና ጣሪያ ላይ የሚጭን ሰው አውትባኩን ይውሰድ። ትልቁን የገዛ ሰው ለመጫንና ለማውረድ ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ ሳይወጣበት ይቀራል። በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ፕሮ አንግለር ማርኬትፕሌስ ላይ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ክንፍ ወይስ ፕሮፔለር?

አሮጌ የፔዳል ካያኮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሆቢ በ1997 ያወጣው ሚራዥ ድራይቭ ነው። ፔዳሉ አይዞርም። አንዱን እግር ወደፊት ትገፋላችሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ከታች ያሉት ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ውሃውን ይገፋሉ። ሁለተኛው ኔቲቭ ዋተርክራፍት የተባለው ኩባንያ በፕሮፔል፣ ኦልድ ታውን የተባለው ደግሞ በፒዲኤል ድራይቩ ያስለመደን የፕሮፔለር ዓይነት ነው። ይህኛው እንደ ብስክሌት ይዞራል፤ ጊሩ የእግሩን ዙር አሥር ጊዜ ያህል አብዝቶ ከታች ያለውን ፕሮፔለር ያሽከረክራል።

ልዩነቱ የሚታወቀው ጥልቀት በሌለው ውሃና ሣር ባለበት ቦታ ነው። ቼሳፒክ ቤይ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዳር ዳሩ ጉልበት የማይደርስ ቦታ ሞልቷል። በክንፉ ድራይቭ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደፊት ብትገፉት ሁለቱም ክንፎች ከቀፎው ሥር ይለጠፋሉ። አጫጭር እርግጫ እየረገጣችሁ በትንሽ ውሃ ላይም ትንቀሳቀሳላችሁ። ፕሮፔለሩ ግን ወይ ወርዷል ወይ ወጥቷል። ሲወጣ መቅዘፊያ ማንሳት ነው። በበጋ ሃይድሪላ የተባለው የፖቶማክ የውሃ ሣር ሲወፍር ደግሞ ፕሮፔለሩ ሣሩን እንደ ክር ይጠመጥመዋል። ክንፉም ሣር ይይዛል፤ ግን ማራገፉ ይቀላል።

በሌላ በኩል ፕሮፔለሩ ወደኋላ ይሄዳል። ፔዳሉን ወደኋላ ማዞር ብቻ ነው። ዓሣ ይዛችሁ ወደ ድልድይ ምሰሶ ስትጎተቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሮጌው ሚራዥ ድራይቭ ወደኋላ አይሄድም። ሆቢ ይህን ያስተካከለው በ2016 ሞዴሎቹ ላይ በመጣው ሚራዥ ድራይቭ 180 ነው፤ ገመድ ሲሳብ ክንፎቹ ዞረው ወደኋላ ይገፋሉ። በ2020 ሞዴሎች የመጣው 360 ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ይነዳል።

ጉልበታችሁን ያማችኋል? እንግዲያው ከመግዛት በፊት ሁለቱንም ሞክሩ። የመግፋትና የማዞር ልዩነት ለአንዳንድ ሰው ጉልበት የሰማይና የምድር ያህል ነው። የፕሮፔለሩ ድራይቭ በሁለት ጉልበቶች መካከል ከፍ ብሎ ስለሚቆም አጭር እግር ያለውን ሰው ያስቸግራል። ለመነሳት ለሚፈልግ ሰውም እንቅፋት ነው።

እንደኔ እንደኔ ለአሮጌ ግዢ የክንፉ ድራይቭ ይሻላል። ምክንያቱ ፍጥነቱ አይደለም። ሰንሰለቱ፣ ኬብሉ፣ የክንፉ ዘንግ፣ ፔዳሉ፣ ሁሉም ለየብቻቸው ይሸጣሉ፤ በቁልፍና በካቻቪቴ ቤት ውስጥ ይቀየራሉ። የፕሮፔለሩ ጊር ሳጥን ግን ውሃ ገብቶበት ከዛገ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ሙሉውን መቀየር ነው። አሮጌ ፕሮፔለር ድራይቭ ስትመረምሩ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የሚንቋቋ፣ የሚያንቀጠቅጥ ወይም የሚንገጫገጭ ከሆነ ከዋጋው ላይ የአዲስ ድራይቭ ገንዘብ ቀንሱ። በላስቲክ ማሸጊያው በኩል ወተት የመሰለ ቅባት ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ቀፎው

ጊዜ ወስዳችሁ ማየት ያለባችሁ እዚህ ነው። ድራይቭ ይገዛል፤ ወንበር ይገዛል። ቀፎው ከሄደ ካያኩ ሄደ።

በብዛት የሚሰነጠቀው አራት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ድራይቩ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። ጫናው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በተለይ ማዕዘኖቹንና ድራይቩ የሚነክስበትን አካባቢ በባትሪ መብራት እዩ። ሁለተኛው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ከሥር የሚሰካ ጋሪ ላይ ጭነው ጉድጓድ በበዛበት መንገድ የሚጎትቱት ሰዎች የጋሪው ዘንግ ቀዳዳውን ከውስጥ ይሰነጥቅባቸዋል። ሦስተኛው የኋለኛው የታችኛ ጫፍ ነው፤ በኮንክሪት ላይ ሲጎተት እየሳሳ ይሄዳል። አራተኛው የነፋስ ሸራ ምሰሶ የሚተከልበት ቀዳዳ ነው።

ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ውስጡ 15 ወይም 20 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን አዘንብሉት። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያፈስ ከውጭም ወደ ውስጥ ያስገባል። ውሃ ከሌለ ሲመሽ ኃይለኛ መብራት ውስጡ አስገብታችሁ ከውጭ እዩ። ስንጥቁ እንደ ብርሃን መስመር ይታያል። አንዳንዱ ሰው በቫኪዩም ማሽን አየር ይነፋና የሳሙና ውሃ ይቀባል። ይሠራል፤ ግን በቀስታ ይሁን። በኃይል የተነፋ ቀፎ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስንጥቅ ከተገኘ ምርጫው ሦስት ነው።

የፕላስቲክ ብየዳ የመጀመሪያው ነው። እነዚህ ቀፎዎች ፖሊኢትሊን ናቸው። ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣሉ፤ ሲቀዘቅዙም እንደገና አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ትክክለኛ ብየዳ ስንጥቁን ከመሸፈን አልፎ ያዋህደዋል። ቁም ነገሩ የመበየጃው ዘንግ ከቀፎው ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ መሆኑ ነው። የሌላ ፕላስቲክ ዘንግ ላዩን ይዞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላቀቃል። ከመበየድ በፊት የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ ትንሽ ቀዳዳ በድሪል ይበሳል፤ ያለዚያ ስንጥቁ መሄዱን አይተውም። ብየዳ የሚመከረው ለድራይቭ ጉድጓዱና ለማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ነው፤ ማለትም ጫና ለሚበዛበት ቦታ። እጃችሁ ካልለመደ ግን መጀመሪያ በማይረባ ፕላስቲክ ላይ ተለማመዱ፤ ወይም የሚችል ሰው ጋ ውሰዱት። ከመጠን በላይ ከሞቀ ቀፎው ይበሳል።

ሁለተኛው ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራ ኢፖክሲ ነው፤ እንደ ዌስት ሲስተም ጂ ፍሌክስ ያለው። ተራ ኢፖክሲና ፋይበርግላስ ፖሊኢትሊን ላይ አይያዙም። ጂ ፍሌክስም ቢሆን የሚይዘው ቦታው በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ፣ በአልኮል ተጠርጎ፣ ከዚያ የጋዝ ነበልባል ፈጠን ብሎ ላዩ ላይ ካለፈበት በኋላ ነው። ነበልባሉ ፕላስቲኩን አያቀልጥም፤ የላይኛውን ገጽ ለውጦ ማጣበቂያ እንዲቀበል ያደርገዋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሥራው ከንቱ ይሆናል። ኢፖክሲ ለሳሳው የኋላ ጫፍና ለሸራው ቀዳዳ ዙሪያ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው የሚለጠፍ ውሃ የማያስገባ ቴፕ ነው። ይህ ጥገና አይባልም። በሩቅ ቦታ ችግር ሲገጥም እስከ ዳር የሚያደርስ ነው። ሲሊኮን ደግሞ ከነጭራሹ አትሞክሩት። ፖሊኢትሊን ላይ አይያዝም፤ ቅሪቱም በኋላ የሚመጣውን ብየዳ ያበላሻል።

ሁሉም እርጥበት ስንጥቅ አይደለም። ከአንድ ቀን በኋላ ውስጡ አንድ ኩባያ ውሃ ብታገኙ መጀመሪያ የክዳኖቹን ጎማ፣ የማፍሰሻውን መድፈኛና የማጥመጃ ዘንግ መያዣዎቹን ብሎኖች እዩ። አሮጌ ካያክ ብዙ ባለቤት አልፎበታል። እያንዳንዱም የራሱን ቀዳዳ በድሪል በስቷል። ጎማውን መቀየርና በየብሎኑ ሥር የጀልባ ማሸጊያ መቀባት በጣም ርካሹና ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ሥራ ነው።

ድራይቩን ማደስ ወይስ መቀየር?

አሮጌውን ሚራዥ ድራይቭ አውጥታችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት። ክንፎቹን ይዛችሁ ወዘወዙ። ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ኬብሉ ላይ እንደ መርፌ የወጣ ቀጭን ሽቦ ካለ መበጠሱ አይቀርም፤ ቀኑን ብቻ ነው የማናውቀው። የክንፉን ዘንግ አዙራችሁ እዩ፤ ከተጣመመ ክንፉ ሲወዛወዝ ቀፎውን ይመታል።

ልልነቱ ትንሽ ከሆነ ማስተካከል ይበቃል። ሰንሰለቱና ኬብሉ ማጥበቂያ ፍሬ አላቸው። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ግን እንደ መላላቱ ይጎዳል፤ እርግጫው ይከብዳል፤ ኬብሉም ቶሎ ያልቃል። ሁለት ክንፎች እኩል ርቀት ሲሄዱ፣ ፔዳሉም ያለ ማወላወል መልስ ሲሰጥ ልኩ እሱ ነው።

ሰንሰለቶቹ ከዛጉ ወይም ኬብሉ ከተፈታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ውጥረቱን ያዛባል። ይህ ዕድሳት ከአዲስ ድራይቭ ዋጋ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ቀፎው ጤነኛ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተረጋጋ ውሃ የሚያጠምድ ሰው ከዚህ በላይ ወጪ አያስፈልገውም።

ድራይቭ መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው? ወደኋላ መሄድ በእርግጥ ሲያስፈልጋችሁ። በድልድይ ምሰሶ፣ በወደቀ ዛፍ ሥር፣ በጀልባ ማቆሚያ ዙሪያ የምታጠምዱ ከሆነ 180 ሕይወታችሁን ያቀላል። ድራይቩን ከቀፎው ጋር የሚቆልፈው ክሊክ ኤንድ ጎ የሚባለው መንከሻ ባላቸው አሮጌ ቀፎዎች ላይ 180 በአብዛኛው ይገባል። ቢሆንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ቀፎ አስገብታችሁ፣ ክንፉን አወዛውዛችሁ፣ ሁለቱንም ገመዶች ስባችሁ እዩ። 360ው ግን ለራሱ ቀፎ ብቻ የተሠራ ነው። አሮጌ ቀፎ ላይ አይገባም። "ትንሽ ቆርጠህ ታስገባዋለህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

በአሮጌውና በ180ው መካከል ግላይድ ቴክኖሎጂ የተባለው ዓይነት አለ። በሚሽከረከሩት ቦታዎች ላይ ኩሽኔታ ስለገባለት እርግጫው ለስላሳ ነው። ወደኋላ ግን አይሄድም። ያገለገለ በጥሩ ዋጋ ከተገኘ ለሩቅ ጉዞ ከአሮጌው በጣም ይሻላል። በአዲስ ዋጋ ከሆነ ግን ጨምራችሁ 180ውን ግዙ።

ክንፎቹን ብቻ መቀየርም አንድ አማራጭ ነው። ቱርቦ የሚባሉት ረጃጅም ክንፎች በአንድ እርግጫ ብዙ ውሃ ይገፋሉ። ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ጉልበት ግን ይጠይቃሉ፤ ጥልቀትም ይፈልጋሉ። ሰፊውን የቤይ ክፍል አቋርጣችሁ ስትራይፕድ ባስ ከተባለው ዓሣ ኋላ የምትሄዱ ከሆነ ይጠቅማሉ። ፖቶማክ ዳር ብሉ ካትፊሽ ወይም ስኔክሄድ የተባሉትን ዓሣዎች የምታጠምዱ ከሆነ መደበኛዎቹ ይበቃሉ። የኦይስተር ዛጎል አለት በበዛበት ቦታ ደግሞ ሲመቱ ወደኋላ የሚታጠፉት አዲሶቹ ክንፎች ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ ግን የሚሠሩት ለእነሱ ተብሎ በተሠራ ድራይቭ ላይ ነው።

የቤዩ ውሃ በሰሜን በኩል ጨው የሌለበት ሲሆን ወደ ቨርጂኒያ አፉ ስትጠጉ ጨው ይሆናል። ጨው የነካውን ድራይቭ በዚያው ዕለት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ሲደርቅ ደረቅ ቴፍሎን ወይም የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃዋል። ግራሶ ሰንሰለቱ ላይ አትለቅልቁበት። አሸዋ ይይዝና እንደ ሞረድ ይበላዋል። ኔቲቭና ኦልድ ታውን ላይ ያለው የጊር ሳጥን ግን ሌላ ነው፤ አምራቹ ያዘዘውን ቅባት ወይም ዘይት ብቻ።

መሪው

መሪው ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ካያኩ ወደ አንድ ጎን እየሳበ የሚያስቸግር ከሆነ ድራይቩን ከመውቀስ በፊት የመሪውን ገመድ እዩ። በጊዜ ብዛት ይረዝማል፣ ይላላል። ብዙ ጊዜ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። ከተበላ ደግሞ የማይለጠጥ ቀጭን የስፔክትራ ገመድ ገዝታችሁ አሮጌውን ከአዲሱ ጫፍ ጋር አስራችሁ እየሳባችሁ አስገቡት። አሮጌውን ቀድማችሁ ካወጣችሁት አዲሱን በቀፎው ውስጥ ማሳለፍ ፈተና ነው።

የሆቢ መሪ የሚታሰረው ሆን ተብሎ እንዲሰበር በተሠራ የናይለን ዘንግ ነው። መሪው ድንጋይ ሲመታ ዘንጓ ትሰበርና ቀፎው ይተርፋል። ሁለት መጠባበቂያ ሁልጊዜ ይዛችሁ ውጡ። በብረት ብሎን የተካ ካያክ ካያችሁ አውጡና ናይለኑን መልሱ። በነፋስ ሸራ ለመሄድ የተሠራው ትልቁ መሪ ደግሞ ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ ርካሽና የሚሰማ ማሻሻያ ነው። አሮጌ አውትባክ ላይ ከማደርጋቸው ነገሮች መጀመሪያ ከምመርጣቸው አንዱ ነው።

ወንበር

አሮጌዎቹ ወንበሮች ስፖንጅ ወይም የሚነፋ ትራስ ነበሩ፤ መቀመጫቸው ከወለሉ ጋር ይስተካከላል። ሁለት ሰዓት ያስኬዳሉ፤ ከዚያ በላይ ወገብ ይናገራል፣ ልብስም ይረጥባል። ሆቢ በኋላ ያመጣቸው የፍሬም ወንበሮች ከፍ ያሉና ነፋስ የሚያሳልፉ ናቸው። አሮጌ ቀፎ ላይ ሲገጠሙ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ሰውየው ከፍ ባለ ቁጥር ካያኩ ይወዛወዛል። ሰፊው ፕሮ አንግለር ይሸከመዋል። ሬቮሉሽን በተባለው ጠባብ የሆቢ ሞዴል ላይ አልመክርም፤ እዚያ ላይ ጥሩ ትራስ ጨምሮ ያለውን መጠቀም ይሻላል።

ባትሪና ፊሽ ፋይንደር

አሁን ወደ ዓሣ ማሳያው መጣን። ያለባትሪ አይሠራምና ከባትሪው እንጀምር። አሮጌ ካያክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት (ይህ የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ሊድ አሲድ ባትሪ ጋር ነው። ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። ግን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሒሳቡን እዩት። ፊሽ ፋይንደራችሁ 0.8 አምፔር ቢወስድ ስድስት ሰዓት 4.8 አምፔር ሰዓት ይበላል። ከ7ቱ በሰላም የምትጠቀሙት 3.5 ያህሉን ነው። ከአራት ሰዓት ብዙም አያልፍም።

10 አምፔር ሰዓት ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ የዚያን ግማሽ ያህል ይመዝናል፤ አቅሙንም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይሰጣል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዕድሜው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ቻርጀሩ ለራሱ የተሠራ መሆን አለበት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ጋራዥ ውስጥ ቻርጅ አታድርጉት፤ ይጎዳዋል። በዓመት ሁለቴ ለሚወጣ ሰው አሮጌው ይበቃል። በየሳምንቱ ለሚወጣ ሊቲየሙ ያዋጣል። በሁለቱም ላይ ግን ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ።

የፊሽ ፋይንደሩን ሴንሰር የት ማድረግ? ከቀፎው ውስጥ መለጠፍ ቀዳዳ አያስፈልገውም። ተራው ሶናር (በድምፅ ሞገድ የሚያይ መሣሪያ) በፕላስቲኩ አልፎ ያሳያል፤ ጥልቀትና ዓሣን የሚያመለክት ቅስት ይበቃኛል ለሚል ሰው ጥሩ ነው። የጎንና የታች ምስል የሚሰጡት መሣሪያዎች ግን ከውሃው ጋር በቀጥታ መገናኘት ይፈልጋሉ። ለእነሱ በጎን በኩል በሚታሰር ክንድ ማውረድ ይሻላል። ክንዱ ሣር ይይዛል፤ ግን ይነሳል፣ ቀፎውም አይበሳም። አንዳንዱ ቀፎ ከታቹ ለሴንሰር የተሠራ ቦታ አለው፤ ካለው ያን ተጠቀሙ። ከዚያ ውጪ አዲስ ቀዳዳ ላለመብሳት የተቻላችሁን ሁሉ አድርጉ።

ሞተር ልጨምር?

ብዙ ሰው ይጠይቃል። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው፣ ከኃይለኛ የውሃ ፍሰት ጋር ታግሎ መመለስ ላለበት ሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር እፎይታ ነው። ነገር ግን በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ሞተር የተገጠመለት ጀልባ፣ ኤሌክትሪክም ቢሆን፣ መመዝገብ አለበት። በፔዳል ብቻ የሚሄድ ግን እንደ ሞተር ጀልባ አይቆጠርም። ሞተሩ፣ ትልቁ ባትሪና ማሰሪያው ሲደመሩ ወጪው ብዙ ጊዜ ካያኩን ከገዛችሁበት ያልፋል፤ ክብደቱም በኋላ በኩል ይከመራል። የእኔ ምክር ድራይቩን አድሳችሁ አንድ ወቅት ሙሉ በእግራችሁ ሂዱ ነው። ከዚያ በኋላም የሚያስፈልጋችሁ ከመሰላችሁ ያኔ ይገጠም።

ሲተው

የድራይቩ ጉድጓድ ዙሪያውን ተሰንጥቆ፣ አንድ ጊዜ ተበይዶ እንደገና ከተከፈተ ያን ቀፎ ማዳን አይቻልም ባይባልም አያዋጣም። ፀሐይ የበላው፣ በጥፍር ሲጫኑት ዱቄት የሚመስል ነገር የሚለቅ ቀፎም እንዲሁ ነው። ወደ 2000 ዶላር አካባቢ የሚሸጡ አዳዲስ የፕሮፔለር ካያኮች አሉ፤ እንደ ፐርሴፕሽን ፔስካዶር ፓይለት ያሉ። ዕቃቸው የሆቢን ያህል አይጠነክርም፤ ግን ውሃ አያስገቡም።

የተበላሸ ቀፎ ያለው ሰው ሙሉውን በርካሽ ሲሸጥ ካያችሁ ግን ቶሎ አትለፉት። ድራይቩ፣ መሪው፣ ወንበሩ፣ ክዳኖቹና የመሪው እጀታ አንድ ላይ ሲሸጡ ለየብቻ ከሚገዙበት በጣም ያነሰ ዋጋ ያወጣሉ። ከእናንተ ካያክ ጋር ቅርብ ዓመት መሆኑን በመለያው አረጋግጡ፤ ድራይቩን በቀፎአችሁ ላይ ሞክሩ፤ ካልገባ ክንፎቹንና ፔዳሎቹን ብቻ ለማስፈታት ተደራደሩ።